ስትጨርሰው ቀስቅሰኝ

አቶ ወርቁ በጌም ቤታቸው ጓዳ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው እንደ ተከናነቡ ሞተው የተገኙት ሐምሌ ዘጠኝ ቀን፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ያገኘቻቸው የእህታቸው ልጅ ሰላማዊት ናት። ምሳቸውን ያቀረበችውም፣ የከሰል ምድጃውን ያቀጣጠለችውም እሷ ስለ ነበረች ጣቢያ ወሰዷት። የጓዳው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለ ተገኘ ከሰሉን የጠረጠረ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ያማው ሽሮውን ነው። የደብረ ታቦር ሰው አንዴ ከጠረጠረ ደግሞ ከልቡ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ ተስፋነህ ግን ልጅቷ እጇ እንደሌለበት ያውቅ ነበር። ሰላማዊትን የሚያስፈታው ቃል ሁለት ቀን ሙሉ ምላሱ ላይ እየመጣ ተመለሰበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ እያደር ከበደው።

በሦስተኛው ቀን ኢንስፔክተር እፀገነት ጌም ቤቱ ድረስ አስጠራችው። አጠር ያለች፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። እሱ ሲገባ ጓዳ ውስጥ የሟቹን የጥጥ ፍራሽ በመዳፏ እየተጫነች ነበር።

«መምህር፣ ያን ቀን እዚህ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ። ዝናቡ ሳይጀምር ወጣሁ።»

«ምን ሲሠሩ?»

«ስጫወት።» አፈረ። «የቆየ ጨዋታ ነው። ሰውዬው ዘበኞች ሳያዩት፣ በጨለማ እያደፈጠ ግቢ ገብቶ ይወጣል። ከታየ እንደገና ከሀ ነው። ዓመት ሙሉ ታገልኩት።»

«ጨረሱት?»

«የለም፣ አልጨረስኩትም» አለ። ዓመት ሙሉ የተመኘውን ድል በገዛ አፉ ካደው።

ቀጥላ የጠየቀችው የጌም ቤቱን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊውን ሞላን ነበር።

«ጋሽ ወርቁ መስኮት ይዘጋሉ?»

«ምድጃ ካለ? ኧረ በፍጹም! ሚስታቸውን የነጠቃቸው የከሰል ጭስ አይደል እንዴ! ዝናብ ሲገባ እንኳ አልጋውን ወዲያ ይገፋሉ እንጂ መስኮት አይነኩም። እኔው ራሴ ስንቴ አብሬያቸው ገፍቻለሁ።»

«ያን ቀንስ ዝናቡ ከየት ነበር የሚነፍሰው?»

«ከዚሁ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነዋ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል ወረደ። የደንበኛ ጨርቅ አበሰበሰብኝ።»

እፀገነት ከጓዳው ወጥታ ተጫዋቹ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በጓዳውና በጌም ቤቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አዛውንቱ ጋደም ብለው ደንበኛ የሚያዩበት፣ አሻግሮ የሚያሳይ ሰፊ መስታወት ተገጥሟል። ቴሌቪዥኑን አብርታ ጥቂት አየችና ሰላማዊትን እንዲያመጧት አዘዘች።

ልጅቷ በፖሊስ ታጅባ ገባች። ተስፋነህ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«የሐኪሙ ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ» አለች እፀገነት። «ሽሮው ንጹሕ ነው። የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው። ታዲያ መስኮቱ ተከፍቶ እያለ እንዴት? በሐምሌ የበሰበሰ የጥጥ ፍራሽ በሦስት ቀን አይደርቅም፤ ይሄኛው ጠብታ አልነካውም። አልጋውም ከመስኮቱ ሥር አልተገፋም። ስለዚህ መስኮቱ ዝናቡ ሳይመጣ ተዘግቷል፤ ካባራ በኋላ ተከፍቷል። አቶ ወርቁ አይዘጉም። የሞተ ሰውም አይከፍትም።»

«ታዲያ ማን ዘጋው?» አለ ሞላ።

«መስኮቱ የሚረብሸው ሰው። እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ከጓዳው በመስታወቱ የሚመጣው ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፍና የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነው። እስቲ ዝጋው።»

ሞላ የእንጨት መስኮቱን ዘጋ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨለማ ግቢ፣ ችቦ የያዙ ዘበኞችም ብቅ አሉ። እፀገነት አንድ ቁልፍ ስትጫን መዝገቡ ወጣ፦ ጨዋታው የተጠናቀቀው ሐምሌ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ። የታየበት፣ ዜሮ። የገደለው ሰው፣ ዜሮ።

«መምህር፣ ዝናቡ ሳይጀምር ወጣሁ ብለውኝ ነበር።»

ተስፋነህ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔ ነኝ። እንዳይነቁ ጫማዬን አውልቄ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ገባሁ። ምድጃውን አይቼዋለሁ። የመጨረሻዋ ግቢ ናት፣ አሥር ደቂቃ ነው ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልነግራቸው ስገባ ትንፋሽ የላቸውም። መስኮቱን ከፍቼ ሾልኬ ወጣሁ። ሰላማዊት፣ በድዬሻለሁ።»

ሰላማዊት ወደ ተስፋነህ ዞረች።

«ጋሼ ሊተኙ ሲሉ ሳህን እያነሣሁ ነበር» አለችው። «ምን ነበር ያሉዎት?»

«‹ስትጨርሰው ቀስቅሰኝ› አሉኝ።»

«መስኮቱን ልዝጋው ብለው ቢቀሰቅሷቸው እኮ ምድጃውን ራሳቸው ያወጡልዎት ነበር። አጠገብዎ ቁጭ ብለው ያዩልዎት ነበር።»

ፖሊሱ የተስፋነህን ክንድ ይዞ በቴሌቪዥኑ ፊት አሳለፈው። ሞላ ሄዶ መስኮቱን ሲከፍት ብርሃኑ ገባና ዜሮዎቹ ከቴሌቪዥኑ ላይ ጠፉ፤ የተስፋነህ ፊት ብቻ ቀረ።