ሦስተኛው ሰሚ

ጻፊ ሰሚራ፣ እንደምናገረው ጻፊው እንጂ አታሳምሪው። ጂኒ መኖሩንስ ኪታቡ ብሎታል፣ አልክድም፣ ግን እኔን ብሎ አትላንታ ድረስ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ቢሉኝ ስቄ ነበር የማልፈው፣ ሴቶቹ እንዲህ ያለ ወሬ ሲያመጡ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ወላሂ።

ይቺ የልጅ ልጄ ዴታ የሚሉት ነገር ላይ ነው የምትሠራው። ቲሟ ኮምፒውተሩን አማርኛ ያስተምራል አሉ፣ እና ሰው በስልክ የተናገረው ቁርጥራጭ ድምፅ ይመጣል፣ ሰሚው ምን እንደተባለ ይናገራል፣ ተናጋሪው ተቆጥቶ ነው፣ አዝኖ ነው፣ ወይስ ደስ ብሎት የሚለውንም ይመርጣል። አንዱን ድምፅ ሁለት ሰው ለየብቻ ይሰማዋል፣ ስህተት እንዳይገባ። የወሎ አነጋገር ሲያስቸግራት አለቃዋን አስፈቅዳ እኔን አስቀመጠችኝ፣ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ያን ቀን የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ተቀመጥን። አንዱ መድኃኒቴ አልደረሰም ይላል፣ አንዷ ቀጠሮዬን አዛውሩልኝ ትላለች። ከዚያ አንድ መጣ፣ መጀመሪያ ሹው የሚል ብቻ፣ እንደ ዝናብ፣ ቀጥሎ እንጨት ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፣ የኛ በር መስሎኝ ክፈቺ እንጂ አልኳት፣ እማማ እዚህ ውስጥ እኮ ነው ብላ ላፕቶፑን አሳየችኝ። ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ እመኑኝ፣ ገና ሳይናገር አወቅሁት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አለ።

ልጄ ሰይድ ነው፣ የሰሚራ አጎት። ትራክ ይነዳል፣ አባቱ የሞተ ጊዜ ቴክሳስ ነበር፣ ጀናዛ ደግሞ አያድርም፣ እሱ ሲነዳ አድሮ ሲደርስ አባቱ አፈር ገብቷል። በዚያ ዝናብ በሬ ላይ ቆመ፣ አልከፈትኩለትም። ይኸው አራት ዓመት ሆነው፣ እሱም አልተመለሰ፣ እኔም አልጠራሁት። ታዲያ በሩን የከለከልኩት ቀን ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ነፍስ አልነበረም፣ በሩ ላይ ካሜራ የለን፣ ስልኬም መኝታ ቤት ነበር። ማን ቀዳው?

ላፕቶፑ ውስጥ ወዲያው ከበሩ ወዲህ የሴት ድምፅ «ልጅ የለኝም» አለ። የኔ ነው።

ሰሚራ «እማማ፣ ሴትዮዋን ምን ልበላት?» አለችኝ። አዝናለች በይ አልኳት፣ ባሏን የቀበረች ሴት ሌላ ምን ትባላለች።

በማግስቱ ሌላኛው ሰሚ ቃል በቃል እኔ ያልኩትን ጽፏል፣ ማንኳኳቱን ሳይቀር። ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ሴትዮዋን ግን ደስ ብሏታል ነው ያላት። ውሸታም፣ ጆሮው ይደፈን አልኩ፣ ቀኑን ሙሉ ስረግም ዋልኩ። ይሄንንም ጻፊው፣ አትዝለይው፣ እውነቱን ነው። አንጀቴ እርር ብሎ ነበር፣ እሱ በሩ ላይ ሲለምነኝ ግን ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሌላው ድምፅ ሁሉ ከየትኛው ስልክ እንደመጣ መዝገብ አለው፣ ይሄኛው የለውም፣ አለቃዋም ፈልጎ አጣ። ለሰይድ ደወልኩ፣ አያነሳም። ሰሚራ እሱ የሚኖርበት ቡፎርድ ሃይዌይ ሄዳ በሩን አንኳኳች፣ ትራኩ ቆሟል፣ የሚከፍት የለም።

ሁለት ሰሚ ካልተስማማ ደግሞ ድምፁ ለሦስተኛ ሰው ይላካል፣ እሱ ያለው ነው የሚጸናው። ተልኳል። ሦስተኛው ከከፈተው ሦስት ቀኑ፣ እስካሁን ምንም አልመረጠም፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል ድምፅ ነው እኮ። አሁን እያስጻፍኳት ክፈቺና እዪው አልኳት፣ ከፈተች፣ ሦስተኛው ስንቴ እንደሰማው የሚቆጥረውን ቁጥር አነበበችልኝ፣ እያነበበችው ይጨምራል።

አሁንም ከመጀመሪያው እያስደገመው ነው።