ሠላሳ አንድ አሻራ

ሬሳው የታየው ገንዳው ሲጎድል ነው። የታችኛው ቦይ ገበሬዎች ማለዳ መውጫውን ከፍተው ውሃውን ወደ ማሳቸው ለቀቁት። ሁለት ሰዓት ገደማ የደን ጠባቂው ወደ ቤቱ ሲወርድ በገንዳው ጠርዝ አለፈና ወለሉ ላይ ደለል የለበሰ ጆንያ የመሰለ ነገር አየ። ቀረብ ሲል ጆንያው እጅ አለው፤ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ትናንት ጠዋት ሴቶቹ ገንዳውን ሲጠርጉ ቆርቆሮ ጣቷን የቆረጣት አንዲት ብቻ ነበረች።

«እትዬ ለምን» ይሏት ነበር። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። መሬቷ ከታችኛው ቦይ ጫፍ፣ ውሃ ቢደርስ ደረሰ ቢቀር ቀረ በሚባልበት ቦታ ነው። የላይኞቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጠጡ እኛ ለምን ግማሽ ቀን? ገንዳውን የምንጠርገው እኛ ሴቶቹ ሆነን ስለ ውሃው ሲመከር ለምን አንጠራም? ከምንጩ በላይ ያለው ደን ተመንጥሮ ምንጩ ቢደርቅ ተጠያቂው ማን ነው፣ ለምንስ ማንም አይናገርም? መልስ ያጡላት ሰዎች ቅጽል ስም አወጡላትና ሳቁ። ከሳቁት አብዛኞቹ ያን ዕለት ጠዋት ገንዳው ዳር ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ ማየቱ ደም ያፈላል። በማግስቱ ደግሞ የሞተር መጋዞቹ ደኑ ውስጥ ሊገቡ ነው።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። አምሳ ያለፋት፣ አጠር ያለች፣ ቀኝ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ሰው ሲዋሻት ግን መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች። የውሃና ደን ማኅበሩ ሦስት ሰዎች ተዘጋጅተው ጠበቋት። ሊቀመንበሩ በላይኛው ቦይ የትልቁ የፍራፍሬ እርሻ ባለቤት ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ከብብቱ የማይለይ ቀጭን ወጣት ነው። ሦስተኛው የታችኛው ቦይ ተወካይ፣ የሟች ዋርሳ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ቤቱን ከቤቷ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ዐይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

ነገሩን የተረከው ሊቀመንበሩ ነው። እንደ እሱ አባባል ትናንት ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ ነበር። ሟችም ተገኝታለች፣ ደኑ እንዲመነጠር ተስማምታለች፣ አሻራዋንም አኑራለች። ከዚያ ሦስቱም ከሌሎች ወንዶች ጋር በሚቆረጡት ዛፎች ላይ ምልክት ሊያደርጉ ወጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ተወካዩ ሁሉም እያየው ውሃ ወደ ገንዳው የሚያስገባውን በር ዘጋ፤ ተያይዘውም ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄደው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አልተለያዩም። እሷ ግን በጨለማ መጥታ፣ መውጫውን ፈልቅቃ ያለ ተራዋ ውሃ ልትወስድ ስትል ተንሸራትታ ገባች።

«ሌባ ነበረች እያሉኝ ነው?»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «ግን ሌላ ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

መርማሪዋ መነጽሯን ጠረገች። ከዚያ ወደ ተወካዩ ዞራ፣ ትናንት በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«እኔ ነኛ። ልክ በሰባት ሰዓት» አለ፤ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥቶ አሳያት። አውራ ጣቱን አግድም የሰነጠቀ የቆየ የማጭድ ጠባሳ ነበረበት። «ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። አደራ ነው።»

«ውሃውን ከመልቀቅዎ በፊት ገንዳውን አዩት?»

«እንዴት አላይም? ሁልጊዜ አያለሁ። ሴቶቹ ፏ አድርገው ጠርገውት ባዶውን ነበር። ምናለ ያኔ ብትመጣና ባገኛት፤ ቤት አደርሳት ነበር።» ይህን ብሎ እንደገና አለቀሰ።

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ጉልበቷን እየረገመች ወደ ገንዳው ወረደች። የሟች ቀሚስ በመውጫው የብረት ወንፊት ተይዟል፤ ለዚህ ነው ውሃው ከቦታዋ ያላንቀሳቀሳት። የጣቱን ጨርቅ ፈታችው። ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ የቀለም ምልክት ግን የለበትም። ሬሳው ሲነሳ ከሥሩ ያለውን ወለል ጎንበስ ብላ አየች። ዙሪያው ሁሉ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ደለል ነው። እሷ በተኛችበት ልክ ግን ስሚንቶው ንጹሕ ነበር፤ የመጥረጊያው ጭረት ሳይቀር ይታያል። መርማሪዋ ፎቶ አንሺውን ሦስት ጊዜ እንዲያነሳ አዘዘችው።

ወደ ስብሰባው አዳራሽ ስትገባ ጸሐፊው መዝገቡን ዘረጋላት። በትናንቱ ቃለ ጉባኤ ላይ የወንዶቹ ፊርማ አለ፤ ከሥሩ የሠላሳ አንድ ሴቶች ስም፣ በየስሙ ትይዩ የአውራ ጣት አሻራ። ሟች አራተኛዋ ናት። ሴቶቹ የት እንደሚቀመጡ ጠየቀችው። በአገጩ ወደ ኋላ አመለከታት፤ ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ።

«ትናንት እሷን አይተሃታል?»

«እንደ ወትሮዋ ከኋላ ነበረች።»

ሊቀመንበሩም አይቻታለሁ አለ። ምን ለብሳ እንደነበር ስትጠይቀው «የሴት ልብስ ማን ያያል?» ብሎ ሳቀ። የሳቀ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

መርማሪዋ ወደ ኋላ ሄደች። በኋለኞቹ አምስት አግዳሚ ወንበሮች ላይ የፕላስቲክ ቧንቧና የስሚንቶ ከረጢት ተከምሯል። በጣቷ ጠረግ አደረገችው፤ አቧራው ዱቄት ያህል ነው። ከወንበሩ እግር እስከ ግድግዳው ሸረሪት አድርታለች። ተመልሳ መዝገቡን ወደ መስኮቱ ወሰደችና ሠላሳ አንዱን አሻራ አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ የዘንድሮውን፣ የአምናውን፣ የካቻምናውን ገጽ ሁሉ ገለጠች። አሻራውን ማን እንደሚያስነሳ ጸሐፊውን ስትጠይቀው ሁልጊዜ አብረን ነው የምንሠራው ብሎ አድበሰበሰ። መዝገቡን ይመልሱልኝ ለማለት ግን አልደፈረም።

የሟችን ጣት ያሰረችው የጎልማሶች አስተማሪዋ ናት፤ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ስላለው። ትናንት ከጠረጋው በኋላ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች አለች አስተማሪዋ፤ አንድ ሰዓት ያህልም ተቀምጣ ተጫወተች። ይህች ሴት በስምንት ወር ማንበብና መጻፍ ችላለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ቀድመው ካወቁ ወረቀቱን ይደብቁብኛል ብላ። ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ቃለ ጉባኤ ቆማ አነበበች፤ የራሷን ስምና በስሟ የተደረገ አሻራ አገኘች። በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ አዳራሹ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

«ትናንት ስብሰባው ላይ ገብታ ልትናገር ነበር» አለች አስተማሪዋ። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው አለ አለችኝ። በሰው ፊት ከማዋርደው አስቀድሜ ለብቻው ልንገረው፣ እራሱ ይተወው አለች።»

«ማን እንደሆነ አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።» አስተማሪዋ ከመሳቢያዋ አንድ ደብተር አውጥታ ሰጠቻት። የሟች ደብተር ነው። መርማሪዋ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ መነጽሯን አወለቀች፤ በዚህ ጊዜ ግን የጠረገችው ዐይኗን ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ደወለ። ጭንቅላቷ ከኋላ ተመቷል አለ፤ የገደላት ግን እሱ አይደለም። ደለሉ እስከ ሳንባዋ ገብቷል። ውሃው ሲደርስባት ትተነፍስ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ በር ላይ የቆሙትን ሴቶች አይቶ እነዚህ ደግሞ ምን ሊሠሩ መጡ አለ። መርማሪዋ መዝገቡን አነሳች።

«እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይመጣሉ ይላል። መቀመጫቸው ግን ተይዟል። ሦስታችሁ አውጡላቸው።»

አንገራገሩ፤ ፖሊሶቹን አዩና ተነሱ። ሊቀመንበሩ በደህና ኮቱ ስሚንቶ ተሸከመ። ቧንቧው ሲነሳ የተነሳው አቧራ ሁሉንም አሳላቸው። ሴቶቹ ወንበሮቹን በእጃቸው ጠርገው ተቀመጡ፤ መጥረግ መቼም ለእነሱ የተተወ ሥራ ነው።

«አሁን የወጣው አቧራ የወራት ነው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት እዚህ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን አየናት አላችሁ። ምናልባት ከመካከላችሁ አንዳንዱ አልዋሸም። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው ሲባል ስለኖረ ዞሮ ያየ የለም።» ቀጥላ ስለ ገንዳው ተናገረች። ማታ ውስጡ የወደቀ ሰው ደለል ላይ ይወድቃል፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ድፍርስ ውሃ ሲገባበት ነበርና። ይህች ሴት ግን የተኛችው የመጥረጊያ ጭረት ላይ ነው። ውሃው ሳይመጣ በፊት እዚያ ነበረች ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባው ሲጀመር ሞታ ነበር።

መርማሪዋ ወደ ተወካዩ ተጠጋች።

«በሰባት ሰዓት ገንዳውን አየሁት፣ ባዶ ነበር ብለውኛል።»

«ምናልባት ልብ አላልኩ ይሆናል...»

«መጠረጉን ያየ ዐይን የወደቀ ሰው አያጣም። ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ፖሊሱ ያዘው። መርማሪዋ መዝገቡን ከፍታ ለሁሉም አዞረችው። በእያንዳንዱ አሻራ መሐል አንድ ነጭ መስመር አግድም ያልፋል፤ የትናንቱም፣ የአምናውም፣ የካቻምናውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠላሳ አንድ ሴቶች በአንድ ሰው አውራ ጣት ሲስማሙ ኖረዋል። ከኋላ አንዲት ሴት «የእኔም?» አለች።

«የወከልኳቸው እኔ ነኝ» አለ ተወካዩ። «ተወካይ ማለት...»

«ማን ወከለህ?» አንቱታው ቀረ። «ከሚመነጠረው መሬት የመጀመሪያው ቁራጭ ለአንተ እንደተመደበ እዚሁ መዝገብ ላይ አለ። ጠባሳህን ሰሌዳው ላይ ሳታውቀው አልቀረችም። ልታዋርድህ ሳይሆን ልታድንህ ነበር በሩ ድረስ የመጣችው። ለብቻህ ልትነግርህ።»

«ገፋኋት እንጂ አልገደልኳትም! ወድቃ ዝም አለች። የሞተች መሰለኝ።»

«ሰው ብትጠራ ትተርፍ ነበር። ትተነፍስ ነበር። አንተ ግን ቁልፉን ከአንገትህ አውጥተህ በሩን ከፈትክባት፣ ከዚያ መጥተህ በስሟ አሻራ አኖርክ። ጣቷ መታሰሩን እንኳ አላየህም። ስምንት ወር ከግድግዳው ማዶ ፊደል ስትቆጥር አልሰማህም።»

ተወካዩ ተቀመጠ። ፖሊሱ ሲያስረው ከሴቶቹ መሐል ያለቀሰለት የለም። ጸሐፊው የቀለሙን ሣጥን ወደ ተወካዩ ቤት ወስዶ ይመልስ እንደነበር፣ ሊቀመንበሩም ያውቅ እንደነበር ሳይጠየቅ ለፈለፈ።

ሊቀመንበሩ የኮቱን ስሚንቶ አራገፈ። «መግደሉ የእሱ ጣጣ ነው፤ ሕግ ይየው። የደኑ ውሳኔ ግን ውሳኔ ነው። መጋዞቹ ነገ ይገባሉ።»

እንዲህ ያለ ሰው አለ። ሬሳ ገና ሳይቀበር ዛፍ የሚቆጥር። የመርማሪዋ ድምፅ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«መዝገቡ ከአሁን ጀምሮ ኤግዚቢት ነው፤ በሐሰት አሻራ ዛፍ አይቆረጥም። እርስዎና ጸሐፊዎም ጣቢያ ትመጣላችሁ። ከዚያ በፊት የምታደምጡት አለ።» ደብተሩን ገልጣ አነበበች። «በስብሰባው አልነበርኩም። አልተጠየቅሁም። አልተስማማሁም።» ጽሑፉ ትላልቅና ጠማማ ፊደል ነው፤ ከሥሩ ሟች ስሟን ሙሉ አድርጋ ጽፋ ፈርማለች።

ከኋለኛው ወንበር አንዲት አሮጊት ተነስታ ወደ ፊት መጣች። የቀለሙን ሣጥን ከጸሐፊው ፊት ወስዳ አውራ ጣቷን ነከረችና ከሟች ፊርማ ሥር አሳረፈችው። ሌሎቹ ተከተሏት። የቆሰለ ጣት አለ፣ የሻከረ አለ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

«አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፍ» አለች መርማሪዋ ጸሐፊውን። «ደኑ እንዳይነካ አባላቱ ተቃውመዋል በል። የተገኙትንም አስፍር።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። እንደ ልማዱ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል «ሴቶች ስንት ልበል?» አለ።

«ዞር በልና ቁጠር።»

ዞረ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ሠላሳ ላይ ቆመ።