የተመለሰው ስንብት

ሽታሁን ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲህ ይላል፤ «ይታያል ራሱን አጠፋ። ፊርማው ሦስት ሳምንት እምቢ ብሎት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሯችንን ስከፍት አጠገቡ የከሰል ምድጃ ነበር፤ ሞቷል።»

ከሞጣ የመጣችው መክሊት የሰጠችው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎልኛል። ስህተቱን አግኝቶት እየሳቀ ነበር። ራሱን አላጠፋም።»

ኢንስፔክተር ባንቺዓለም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ ደጋግማ አነበበች። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል። የደብሩ አለቃ ቄስ አካለ ወልድ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለይታያል እናት ለወይዘሮ ይርጋነሽ ነግረዋቸዋል። እናቱም ከጠዋት ጀምሮ ከብቸና ፖሊስ ጣቢያ በር አልተነሡም።

ሦስቱ ወጣቶች የብሎክቼይን ዋሌት፣ ማለትም በስልክ ገንዘብና መልእክት የሚላክበት ዲጂታል ቦርሳ፣ ይሠሩ ነበር። ኮዱን የሚጽፈው ይታያል ነው፤ ሽታሁን ቢሮውን ይመራል፤ መክሊት ሞጣ ላይ ከተጠቃሚዎች ጋር ትሞክረዋለች።

«እኔ የማውቀው በእስክሪብቶ የሚፈረመውን ነው» አለቻት ባንቺዓለም ለመክሊት። «የእናንተው እንዴት ነው?»

«ስልኩ ውስጥ ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርማል። ፊርማው የስልኩን ሰዓት ይይዛል። ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ ከሆነ ሲስተሙ ይመልሰዋል። የሞጣ ሰዎች ፊርማ ሁሉ ይመለስ ነበር።»

«ለምን?»

«ስልካቸውን በሀበሻ ሰዓት ስላስተካከሉት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልካቸው አንድ ይላል፤ ሲስተሙ ጋ ግን ሰባት ነው። ፊርማው ስድስት ሰዓት ያረጀ ይመስለዋል። የእኔም ስልክ እንደዚያ ነበር። ‹ለካ አንቺ ነሽ ሦስት ሳምንት ያቃጠልሽኝ! አሁኑኑ አስተካክይው› ብሎ ሰደበኝ።» ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም።

«ለሽታሁንስ ነግሮታል?»

«ጠዋት እነግረዋለሁ ነው ያለኝ።»

ቀጥሎ የተጠራው ሽታሁን ዓይኖቹ ቀልተዋል። «በዋሌቱ የላከውን ስንብት አላያችሁትም?» አለ። «‹ፊርማው አሸነፈኝ፣ ይቅር በሉኝ› ይላል። ምስኪን፣ ስንብቱም ተመለሰበት።»

«ስንብቱ የተፈረመበት የይታያል ቁልፍ እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው?»

«ለሙከራ ብለን ሦስታችንም ስልክ ላይ ጭነነዋል።»

«ማታ ቢሮ ሄደህ ነበር?»

«በዚያ ዝናብ? አልሄድኩም።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ስልኩን አየ። «አራት ከሃያ።» ባንቺዓለምም አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ስልኩ አራት ከሃያ ይላል። የእሷ ግን አሥር ከሃያ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቄሱንና እናቱን ጨምሮ ሁሉንም የወጣቶቹ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ እንዳለው ይታያል የሞተው ቢዘገይ በሀበሻ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ በፈረንጅ አራት ሰዓት ነው» ብላ ጀመረች። «ስንብቱ የያዘው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት አንድ ከአሥር ነው። ያኔ በሕይወት ሊኖር ስለሚችል የእሱ ነው ብለን ተቀበልን። ሲስተሙ ግን መልእክቱን የተቀበለው በፈረንጅ ጠዋት ሰባት ከአሥር ላይ ነው። መልእክት መንገድ ላይ ስድስት ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ የተላከው በሀበሻ ሰዓት ከሚሠራ ስልክ፣ ጠዋት አንድ ከአሥር ላይ ነው። ይታያል ከሞተ በኋላ ማለት ነው።»

ባንቺዓለም ወደ ሽታሁን ዞረች።

«የይታያል ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ነው። መክሊት የራሷን ማታውኑ አስተካክላለች። ሽታሁን፣ አንተ ግን ስህተቱ መገኘቱን አልሰማህም። ለዚህ ነው ‹ፊርማው አሸነፈኝ› ብለህ የጻፍክለት። የገባኸውም ሁለት ሰዓት ላይ ሳይሆን አንድ ሰዓት ላይ ነው። የቀረውን አንተ ንገረን።»

ሽታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ማታ አራት ሰዓት ላይ መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እጁ በረዶ ሆኗል። ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ አኖርኩለት። ዝናቡ እንዳይገባ መስኮቱን በጨርቅ ወትፌ፣ በሩን ገጥሜ ሄድኩ። እንዲሞቀው ነበር። ጠዋት ስመጣ... ገደልከው እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«ስለ ፈራህ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ በቀስታ፣ «ልጄን ያለ ጸሎት ልታስቀብረው።»

ቄስ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል፤ ካህናቱን ልጥራ» ብለው ወጡ።

አንድ ፖሊስ ሽታሁንን ክንዱን ይዞ ሲያስነሣው ወይዘሮ ይርጋነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይቅር ብዬው አይደለም» አሉ ለባንቺዓለም። «ግን የልጄን አስከሬን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው እሱ ነው። ከቀብር በኋላ ውሰዱት።»