የሐሙስ መስመር

የኬሚካል ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዓርብ ጠዋት ሞተው ሲገኙ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ነበር። በሩን የከፈተው ዘበኛ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት «ጋሼ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራቸው። ሦስተኛውን አልጠራም።

ቅዳሜ የሐኪሙ ወረቀት መጣ። የገደላቸው ሜታኖል ነው፤ በመልክም በጠረንም ከሚጠጣው አልኮል፣ ከኤታኖል፣ ለመለየት የሚያስቸግር፣ መጀመሪያ ዓይን ቀጥሎ ነፍስ የሚወስድ መርዝ። የትምህርት ክፍሉ ነገሩን ለመዝጋት አንድ ዓረፍተ ነገር በቃው፦ ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ ያስተዳደረ ሰው ጠርሙስ አይሳሳትም፤ ስለዚህ አውቀው ጠጥተውታል። ወሬው በአንድ ከሰዓት ግቢውን አዳረሰ።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ወሬውን እንደ ሰማች ሥራዋን ዘግታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቀች፤ ተራዋ ሲደርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አባቴ ራሱን ገድሏል ወይስ አልገደለም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጥያቄው የቀረበላት መርማሪ አርባ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ስትናገር ሰው አንገቱን አስግጎ የሚሰማት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ድመት» ይሏታል። ኮቴዋ ስለማይሰማ ነው ቢሉም፣ እውነቱ አንድ ነገር ላይ ዓይኗን ከተከለች ቶሎ ስለማትነቅል ነው። ለልጅቷ ተስፋ አልሰጠቻትም። «አየዋለሁ፣ እህቴ» ብቻ አለቻት።

ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም። መደርደሪያ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ከጣሪያው አንድ አምፖል። አምፖሉ በርቷል። መርማሪዋ ማብሪያውን ፈለገችና በነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በላዩ በጥንቁቅ እጅ «አይነካ» ተብሎ ተጽፎበት አገኘችው።

«ከተበላሸ ሁለት ወር ሆነው፤» አለ ዘበኛው። «አልጠፋም አለ። እንደ አንዳንድ አለቃ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም። የሰፈሩ መብራት ሲቋረጥ ብቻ ነው የሚጠፋው።»

ሐሙስ ማታ ለምን እንዳላያቸው ስትጠይቀው ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። በሩ ገርበብ ብሎ አይቶ፣ ጋሼ ሄደዋል ብሎ፣ ሳይገባ እንደ ቆለፈው አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

መርማሪዋ መዝገቡን ገለጠች። የሽማግሌው ጽሕፈት እስከ ረቡዕ ድረስ በክር የተለካ ይመስላል። የሐሙስ ሦስት መስመሮች ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱ ተንጋደዋል፤ ሦስተኛው የሁለቱ ጀርባ ላይ ወጥቶ ተደራርቦ ምን እንደሚል አይለይም። ገጹን ይዛው ልትሄድ አጠፈችው።

ጋዋናቸው ከሐኪም ቤት ተመልሶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። በውስጥ በኩል፣ በብብት ሥር፣ ከፋብሪካ ያልመጣ ትንሽ ኪስ ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ የሰለጠነ እጅ ነው። ኪሱ ውስጥ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ አገኘች። ከመደርደሪያው ታችኛው ሳጥን ኋላ ደግሞ አንዲት ትንሽ መለኪያ ብርጭቆ፣ ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደፍታ ተቀምጣለች።

መርማሪዋ ጣቷን ብርጭቆዋ ላይ አሳርፋ ቆየች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ተደብቆ የሚጠጣን ሰው ግን የሚያወጣው ንጽሕናው ነው። ይህን ከፖሊስ ትምህርት ቤት አልተማረችውም። የገዛ አባቷ ብርጭቆ ከቁም ሣጥን ኋላ እንዲህ ታጥቦ ሲደፋ ልጅ ሆና አይታለች፤ አይታም ለማንም አልተናገረችም። የዚያ ቀን እፍረት አሁን፣ በሰው ሳጥን ፊት ተንበርክካ፣ ጆሮዋን አጋላት። ብርጭቆዋን በጨርቁ ጠቅልላ ከገጹ ጋር ያዘች።

ከግምጃ ቤቱ ቀጥሎ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ባለ ክዳን ጠርሙስ ቆሟል። ፕላስተሩ ላይ በትልቁ «ኤታኖል» ይላል። ከጎኑ፣ ከላይ እስከ ታች በተለጠፈ ሌላ ፕላስተር ላይ፣ ፈሳሹ የደረሰበት ቦታ በየጠዋቱ በቀጭን እርሳስ ተሰምሯል፦ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። በረቡዕና በሐሙስ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለ። ከጠርሙሱ ናሙና ቀድታ ለምርመራ ላከች።

የተማሪዎቹ አማካሪ ዶክተር አሥራ አንድ ቡድን እንዳለባቸው፣ ስብሰባውም እንደማያልቅ ነገሯት። ሳይጠየቁ ከሽማግሌው ጋር መጣላታቸውንም አመኑ፤ ተማሪ ያላጠበውን ዕቃ አልረከብም ብለው አስቸግረዋቸው ነበር።

«የእነዚህን ልጆች ጽሑፍ አንብበውታል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«የጠየቅኩዎት ሌላ ነው።»

ዶክተሩ ብዕራቸውን ከፍተው ዘጉ።

ጥናቱን የሚሠሩት ሁለት ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው «ዲን» ይባላል፤ ገና ሳይመረቅ እንደ ፋኩልቲ ኃላፊ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነው። የአንድ ዛፍ ቅጠል በኤታኖል ዘፍዝፈው፣ አልኮሉን በሙቀት አትንነው፣ የቀረው ጭማቂ ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ ነው የሚፈትኑት። የጥናታቸው መከላከያ ለረቡዕ ተቀጥሯል። ኤታኖሉን ከየት አመጣችሁ ስትለው፣ ጋሼ አልቋል ስላሏቸው ከሌላ ቤተ ሙከራ ለምነው እንዳገኙ ነገራት።

«በስንት ዲግሪ ነው የሚተነው?»

«ሰባ ስምንት። መጽሐፉም ሰባ ስምንት ይላል፤ የኛም ጽሑፍ ሰባ ስምንት ይላል።»

«ቴርሞሜትሩስ?»

«ቴርሞሜትሩ መጽሐፍ አላነበበም» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ግን ብቻውን ጨረሰው።

ሁለተኛዋ «ሚዛን» ናት፤ ግራምን ለመቶ ከፍላ ካልመዘነች እንቅልፍ አይወስዳትም ይሏታል። ሽማግሌው ለሷ ብቻ ወንበር ይስቡላት ነበር። መርማሪዋ የሥራ ደብተሯን ተቀብላ ገለጠች። ሁሉም በሰዓት በሰዓቱ ተጽፏል። ማክሰኞ፣ ማትነን፣ ስልሳ አምስት ዲግሪ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት፣ የባክቴሪያ ማሞቂያው ሰሌዳ ሠላሳ ሰባት። ሐሙስ ስድስት ተኩል፣ ሠላሳ ሰባት።

«ሐሙስ ጋሼን አይተሻቸዋል?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ዕቃ ልመልስ ገብቼ።»

«ምን አሉሽ?»

«መብራት ጠፋ እንዴ፣ ልጄ አሉኝ። አዎ፣ ጠፍቷል አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ይመጣል አልኳቸው።» ልጅቷ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ጋዋኗ እጅጌ አስገባች፤ ሙቀት ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ መከላከያው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መርማሪዋ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዶክተሩ በር አጠገብ ቆሙ። ሁለቱ ተማሪዎች ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀመጡ፤ ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ልጅ ከፊት ተቀምጣ የአባቷን ጋዋን ጭኗ ላይ አጥፋ አኖረች። መርማሪዋ ጠርሙሱን መሐል ጠረጴዛ ላይ አቆመችው።

«ይኼ ጠርሙስ ኤታኖል ይላል። ውስጡ ያለው ሜታኖል ነው። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጥቷል። እኔ ግን ትናንት አውቄዋለሁ። ኤታኖል የሚተነው በሰባ ስምንት ነው። የሚዛን ደብተር ላይ ስልሳ አምስት ይላል። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አየሁ፤ በስልሳ አምስት የሚተነው ሜታኖል ነው። ጽሑፋችሁ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው፤ ደብተሩ ከቴርሞሜትር።» ወደ ዲን ዞረች። «ስሙን የጻፍክበት አንተ ነህ?»

ዲን መጀመሪያ ወደ ዶክተሩ አየ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ ነገሩን ሁሉ አወጣው። ኤታኖል ሲያልቅ ያገኙት ሜታኖል ብቻ ነበር። የጸደቀላቸው ዕቅድ ኤታኖል ስለሚል ለውጡን አማካሪው በፊርማ መፍቀድ ነበረባቸው። ሁለት ሳምንት ቢሮአቸው ደጅ ቆመው አጧቸው። በመጨረሻ ጥናቱን እንደ ጠርሙሱ ከማስተካከል ጠርሙሱን እንደ ጥናቱ አስተካከለው።

«ማንም የሚጠጣው አልመሰለኝም» አለ። «የሙከራ ዕቃ ማን ይጠጣል?»

መርማሪዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ አየች፣ ዓይኗን መለሰች፣ ድምፅዋም ከወትሮው አነሰ።

«ጋሼ ይጠጡ ነበር። ማታ ማታ፣ በመለኪያ፣ ከግምጃ ቤቱ ኤታኖል። ያለቀውም በከፊል ለዚህ ነው። ሲያልቅባቸው በእናንተ መደርደሪያ ላይ ስሙ የተጻፈበት ጠርሙስ አዩ። ከየት አመጣችሁት ብለው መጠየቅ ይገባቸው ነበር፤ ግን ኤታኖል የት እንደ ገባ የሚያፍር ሰው ስለ ኤታኖል አይጠይቅም። እናንተን ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ አትንኩ ብለው ያስተማሩ ሰው ናቸው። የተጻፈበትን አመኑ።»

ከቦርሳዋ የመዝገቡን ገጽ አወጣች። የተደራረበውን መስመር ወረቀቱን ወደ ብርሃን አጋድላ፣ ብዕሩ የተጫነበትን እየተከተለች ስታነብ እንዳደረች ነገረቻቸው። ከዚያ ለልጅቷ አነበበችላት።

«'ከተማሪዎች ጠርሙስ፣ ኤታኖል፣ ሁለት መለኪያ፣ ለራሴ። ይተካ።' የረቡዕ ማታውን ሐሙስ ቀን፣ ዓይናቸው እየፈዘዘ የመዘገቡት ነው። ሊሞት ያሰበ ሰው ይተካ ብሎ አይጽፍም። የጠጡት ኤታኖል ነው ብለው እስከ መጨረሻው አምነዋል። አባትሽ ራሳቸውን አልገደሉም።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም።

«እንግዲህ አደጋ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ ሊወጡ እንደተሰናዱ።

«ረቡዕ ማታ አደጋ ነበር። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ግን አልነበረም። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሐሙስ ቀን ምን እንደጠጡ ተነግሮኝ ቢመጡልኝ ላተርፋቸው እችል ነበር ብሏል።» ጣቷን በእርሳሱ መስመሮች ላይ አወረደች። «ይኼን በየጠዋቱ የምታሰምር አንዲት እጅ ናት። ረቡዕና ሐሙስ መካከል ሁለት ጣት ጎድሏል፤ ደብተሩ ላይ ግን በዚያ ቀን ፈሳሽ አልተጠቀሙም። ግራምን ለመቶ የምትከፍል ልጅ ሁለት ጣት አታጣም። ሐሙስ ጠዋት መስመሩን ስታሰምሪ ማን እንደ ቀዳ አውቀሻል።»

ሚዛን ዓይኗን ወደ እርሳሱ መስመሮች አወረደች።

«እኩለ ቀን ላይ ገባሽ። መብራት ጠፋ እንዴ አሉሽ። ያ አምፖል የሚጠፋው መብራት ሲቋረጥ ብቻ ነው፤ መስኮት የለም፤ ስለዚህ ሲጨልምባቸው ዓይናቸውን አልጠረጠሩም። አንቺም ጠፍቷል አልሻቸው። በዚያው ሰዓት ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የማሞቂያሽ ሰሌዳ ሠላሳ ሰባት ያሳይ ነበር፤ ራስሽ ጽፈሽዋል። መብራት አልጠፋም ነበር።»

የማሞቂያው ጉርምርምታ ይሰማል።

«በርቶ ነበር» አለች ሚዛን። «ከራሳቸው በላይ በርቶ ነበር። ዓይናቸውን አምፖሉ ላይ አድርገው ነው የጠየቁኝ።» እጆቿን ከእጅጌዋ አወጣች፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። «ሜታኖል ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያንን ካልኩ፣ መጠጣትዎን አውቃለሁ ማለት ነው። መዋሸታችንን ማመን ነው። እናቴ ዝም አይነቅዝም ትለኝ ነበር። እስከ ነገ ልቆይ፣ ምናልባት ይሻላቸዋል አልኩ። ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። እሳቸውን ብቻ ነው የዋሸሁት።»

ማንም ወደ ማንም አላየም። ዶክተሩ በሩን ለቀው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መርማሪዋ ለሁለቱ ተማሪዎች አብረዋት ጣቢያ ሄደው ቃል እንደሚሰጡ፣ ዶክተሩም በጽሑፍ እንደሚጠየቁ በአጭሩ ነገረች። ፈረደች የሚባል አይደለም፤ እንዲያውም የመጨረሻዎቹን ቃላት ስትናገር የገዛ አባቷ ብርጭቆ ትዝ ብሏት ዓይኗን ከሚዛን ላይ ነቀለች።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ለሚዛን ነበር።

«ይመጣል አልሽው?»

«አዎ።»

«የሚያምን ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ጠብቋላ።»

ሚዛን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ልብስ ሰፊዋ ጋዋኑን ገለበጠችና በብብት ሥር ያለችውን ትንሽ ኪስ አወጣች።

«ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ» አለች። «ስድስት ዓመት ሆናት። ልጣጩንም እሑድ እሑድ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ተው ማለት አፈርኩ። ሰው እንዳያሸተው ብቻ አደረግኩ።»

መርማሪዋ መቀስ ልታመጣላት ተነሣች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልጠበቀችም። የክሩን ጫፍ በጥፍሯ አገኘችና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ራሷ የሰፋችውን ስፌት በስፌት መተርተር ጀመረች።