አንድ ኮከብ የሰጠው ሰው

የሰውአገኝ አስከሬን የተገኘው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም ከሚያወጣው የገደል መንገድ ሥር፣ ፍሬ ሳይዝ የደረቀ የገብስ ማሳ ዳር ነው። ኢንስፔክተር ቶይባ አብደላ ከወልድያ ተጠርታ ስትደርስ የአካባቢው ሰው ነጠላ አልብሶት፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ ወደ ገደሉ አንጋጠው ቆመው ነበር። ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው። ክረምቱ ወሎን ከድቶ ስላለፈ መሬቱ እንደ አጥንት ደርቋል።

«አዳልጦት ነው» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን አዝመራው።

ቶይባ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ ገልጣ አየች። አቧራ እንጂ ጭቃ አልነካውም። «በምኑ ያዳልጠዋል? እዚህ አገር ዝናብ ያየ ሰው አለ እንዴ?»

ቶይባ ወደ ላይ ወጥታ የወደቀበትን ቦታ ስታይ መንገዱ የተጫኑ በቅሎዎችን ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሰፊ ነው። በአንድ በኩል የተራራው ግድግዳ፣ በሌላው ገደሉ።

ሰውአገኝ የመሪጌታ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ ጓደኞቹ ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። እሱ ላሊበላ ላይ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ «መሪዬ» የሚባል የስልክ አፕ ሠራ። ተጓዡ ስልኩን ይዞ ሲሄድ ከየውቅር ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ታሪኩን የሚያሰማው፣ ወደ ተራሮቹም መንገድ የሚያሳየው ነው። አፑን ብዙዎች ወደዱት። የጠሉትም ነበሩ፤ ጥላቻቸውንም ሰው ሁሉ በሚያየው የአፑ አስተያየት መስጫ ላይ ጻፉት።

ባለቤቱ ወለተ ሩፋኤል ፊቷ በልቅሶ ቆስሎ ከቶይባ ፊት ተቀመጠች።

«አብሽሪ እህቴ» አለች ቶይባ። «ጠላት ነበረው?»

«ጠላቱ እዚያ ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ራሱን "ተሳላሚ" ይላል። ከአምስት አንድ ኮከብ ይሰጠዋል፣ ይሰድበዋል፤ ደግሞ ስድቡን እየቀያየረ ሌላ ይጽፋል። ባሌ እንቅልፍ አጣ። ተወው ስለው፣ "የከፋው ሰው መልስ ማግኘት አለበት" ይለኛል።»

«ምን ብሎ ነበር የሚመልስለት?»

«እንደ ሌላው ሁሉ ነዋ። "ክቡር ተጓዥ፥ ስላስተዋሉልን እናመሰግንዎታለን።" ሰድቦት እንኳ እርስዎ ይለዋል። እኔ ነኝ የምቃጠለው።»

ቶይባ ስለ ገደሉ ስትጠይቃት ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ወደ ገደል አይጠጋም። በልጅነቱ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ያን መንገድ ሲሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ነው፤ መዳፉን ከድንጋዩ ላይ አያነሣም። ሰው ይስቅበት ነበር።»

ከተማው ግን ፈርዶ ጨርሷል። ገዳዩ አስጎብኚው አረጋ ነው ብሏል። አረጋ በአደባባይ «እንጀራዬን ለስልክ አጎረስክብኝ» ብሎ ሰውአገኝን አንገቱን አንቆት ነበር። በዚያም ጠዋት ተራራው ላይ ታይቷል። ሕፃናት ቤቱ ላይ ድንጋይ ወርውረዋል።

«አንቄዋለሁ፤ አልክድም» አለ አረጋ፣ ሽበቱን እያሸ። «በዚያ ጠዋት ግን ፈረንጆች ይዤ ገዳሙ ውስጥ ነበርኩ። መነኮሳቱን ጠይቂ።»

«ስድቡንስ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ልጄ፣ እኔ የምሳደበው በአፌ ነው። ፊት ለፊት። ሰውአገኝ ደግሞ አንቄው ሳለሁ እንኳ "ጋሽ አረጋ ይተዉኝ፣ ይጎዱኛል" ነበር የሚለኝ። አባቱ አሳድጎታል።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሆቴል ባለቤቱ ውባንተ ነበር። በአፑ ላይ አንድ እንግዳ የሆቴሉ ሙቅ ውሃ ስም ብቻ መሆኑን ጽፎበታል።

«እንዲያጠፋው ለምኜዋለሁ፣ ዝቼበታለሁም» አለ ውባንተ። «"ጋሼ፣ ውሃውን ያስተካክሉና እኔ ራሴ አመሰግንዎታለሁ" አለኝ። ልጄ ከሚሆን ሰው! እውነቱን ስለነገረኝ ጠላሁት፤ ለዚህ ግን ሰው አይገደልም።»

የሰውአገኝ ባልንጀራ ደግሰው ሬሳውን የተሸከመ፣ ድንኳን ያስተከለ፣ ለልቅሶተኛው ውሃ የሚያቀብል ሰው ነው። አብረው ፊደል ቆጥረዋል፣ አብረው ዜማ ተምረዋል። በአፑ ውስጥ ታሪኩን የሚያነበው ድምፅ የእሱ ነው።

«ከእሑድ ወዲህ አላየሁትም። የሞተ ዕለት አሞኝ ተኝቼ ነበር» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማንንም አልጠረጥርም፤ ብቻ ያ ተሳላሚ የሚሉት ነው ነፍሱን የበላት።»

«ድምፅህን ሰማሁት። ያምራል» አለች ቶይባ።

የደግሰው ፊት በራ። «እሱ ምን አለው! የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን፣ የይምርሐነ ክርስቶስን ትረካ ብትሰሚ። የሕይወቴ ንባብ ነው።»

«አልሰማሁትም።»

«አትሰሚውም፤ ገና አልወጣም። ከእኔና ከሰውአገኝ በቀር የሰማው የለም። ወለተ ሩፋኤል እንኳ አልሰማችውም።»

በማግስቱ ቶይባ የስልኳን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ በአንዱ ደጃፍ ቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ ቁርባን ሊቀበሉ ነው?» አለ ሳጅን አዝመራው።

«አታላግጥ። ሟቹን የማውቀው በሠራው ነው።»

ይምርሐነ ክርስቶስ የሚለውን ነካችው። «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ወደ አስተያየቶቹ ወረደች፤ መልሶቹንም አንድ በአንድ አነበበች። ከተሳላሚ የመጨረሻ ስድብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሥሩ ያለውን መልስ ደጋግማ አነበበችው፤ የተጻፈው ሰውአገኝ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ነው።

«ሳጅን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰዎቹን ሁሉ ሰብስብልኝ። ጋሽ አረጋን አጅበህ አምጣቸው፤ ድንጋይ እንዳይወረውሩባቸው።»

ቀትር ላይ በውባንተ ሆቴል ምግብ ቤት ውስጥ አምስቱ ተቀመጡ፤ አረጋ፣ ውባንተ፣ ደግሰው፣ ወለተ ሩፋኤል፣ የሟቹም አባት መሪጌታ ሙሉሃብት። ወለተ ሩፋኤል የባሏን ላፕቶፕ ከፊቷ ከፍታለች። ቶይባ ለመሪጌታው እጅ ነሥታ ጀመረች።

«አባቴ፣ ልጅዎ አላዳለጠውም። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው። ልጅዎም ከገደል የሚሸሽ ሰው ነበር። እንግዲያ ወደ ዳር የወሰደው ሰው አለ። የማይፈራው ሰው መሆን አለበት፤ ጋሽ አረጋን ቢያይ ግን ድንጋዩን የባሰ ይጨብጥ ነበር። ደግሞም ጋሽ አረጋ በዚያ ሰዓት ገዳሙ ውስጥ ነበሩ፤ መነኮሳቱን ጠይቄአለሁ።»

አረጋ አንገቱን ደፋ።

«አሁን ተሳላሚ የጻፈውን ስሙ። "ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ ትረካው ከዋሻው ደጃፍ ሳይገባ ይቆረጣል። የማታውቀውን ቅዱስ ቦታ አትንካ። አንድ ኮከብም በዝቶብሃል።" የይምርሐነ ክርስቶስ ትረካ ገና አልወጣም። ያልወጣን ትረካ መቆረጥ ማን ሰማ?»

ቶይባ ስልኳን አንሥታ ቀጠለች።

«ሰውአገኝም ራሱን ይህንኑ ጠይቋል። እንዲህ ብሎ መለሰ፤ "ወንድሜ፥ ልክ ነህ፤ አርመዋለሁ። ነገ ጠዋት አሸተን እወጣለሁ፤ ና እንነጋገር። አልተቀየምኩህም።"» ቶይባ ቀና አለች። «ይህ ሰው ሰዳቢውን ሁሉ "እርስዎ" ይላል። ጋሽ አረጋ አንቀውት "እርስዎ" ብሏል። ጋሼ ውባንተ ዝተውበት "እርስዎ" ብሏል። ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱ ብቻ "አንተ" ይላል። ሰውየውን አውቆታል። አንተ የሚለው እኩያው፣ ወንድሜ የሚለው ባልንጀራው ነው።»

ደግሰው ፈገግ ሊል ሞከረ። «አንቺ እኮ... በአንድ ቃል ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም» አለች ቶይባ። «ስልካችሁን ሁላችሁም ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። እህቴ፣ በባልሽ ስም ለተሳላሚ መልስ ላኪ። ምንም ይሁን።»

ወለተ ሩፋኤል ጻፈች። ኔትወርኩ እንደ ወትሮው አዘገመ፤ ውባንተ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የደግሰው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈ። መስታወቱ ላይ ጽሑፍ በራ፤ «የመሪዬ ባለቤት ለአስተያየትዎ መልስ ሰጥቷል።»

ሳጅን አዝመራው ከበሩ ላይ ቆመ። ደግሰው ግን አልተነሣም።

«አስተያየቱን ለምን አልሰረዝከውም?» አለች ቶይባ።

«ብሰርዘው የእሱም መልስ አብሮ ይጠፋ ነበር» አለ ደግሰው። ድምፁ፣ ያ ያማረው፣ ሰለለ። «ስንቴ ልሰርዘው ስልኬን አነሣሁ። አልቻልኩም።»

«ልጄ፣ ምን አደረገህ?» አሉ መሪጌታው።

«ምንም አላደረገኝም አባ። ምንም አለማድረጉ ነው የጎዳኝ። ባሕር ዳር ሲሸልሙት እኔ እታች ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ፈረንጅ ሁሉ ድምፄን ይሰማል፣ ስሜን የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ተናደድኩና ጻፍኩ። ተቆጥቶ ቢመልስልኝ እተው ነበር፤ ሰው መሆኑን አይ ነበር። "እናመሰግንዎታለን" አለኝ። ደግሜ ሰደብኩት፤ ደግሞ አመሰገነኝ። ያ ምስጋና አሳበደኝ።»

«ተራራው ላይስ?» አለች ቶይባ።

«"አንተ መሆንህን አውቄአለሁ፤ ለማንም አልናገርም" አለኝ። "ስምህን እጽፈዋለሁ" አለኝ፤ ለለማኝ ቁራሽ እንደሚጨምር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጁን ከድንጋዩ አንሥቶ ሊያቅፈኝ መጣ። እኔ... ይዤ ወደ ገደሉ አዞርኩት።»

መሪጌታ ሙሉሃብት ቀስ ብለው ተነሡ። ሁሉም የሚረግሙት መስሎት ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ አረጋ ሄደው ጎንበስ አሉ።

«አረጋ፣ በቤትህ ላይ የተወረወረውን ድንጋይ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ማረኝ።»

አረጋ ሽማግሌውን ደግፎ አቀና። ይቅር ማለት አለማለቱን ማንም አልሰማም፤ ምናልባት አላለም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህም፣ ከተማው ሁሉ በፀፀት ሰላምታ ቢሰጠው፣ የሚመልሰው በአገጩ ብቻ ነበር።

ቶይባ ወደ ወልድያ ከመመለሷ በፊት ወለተ ሩፋኤልን ልትሰናበት ሄደች። ሴትዮዋ ላፕቶፑን ከፍታ፣ በጣቷ ሳትነካው ተቀምጣለች።

«እትዬ ቶይባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አፑን መዝጋት እችላለሁ፤ በአንዴ ይጠፋል። ግን ከባሌ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ባጠፋው ሰውአገኝን ደግሜ እገድለዋለሁ። ብተወው ደግሞ ገዳዩ በየመንገዱ ሲያወራ ይኖራል። ምን ላድርግ?»

ቶይባ ብዙ ሰው መርምራለች፤ ብዙ ሰውም አጽናንታለች። አሁን ግን «አብሽሪ» ማለቱን ተወችው። ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠች።

በመስኮቱ በኩል ተጓዦች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ አሸተን ይወጡ ነበር። የደግሰው ድምፅ በጆሯቸው እየተረከላቸው ነው። አንዷ ተጓዥ ቆም ብላ በደስታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ወለተ ሩፋኤል ይህን አየች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላፕቶፑን ግን አልዘጋችውም።