የዘጠነኛው ክፍል ውሻ

ኢንስፔክተር ጉድሩን ቲደማን በሥራ ጉዳይ አልነበረም የመጣችው። ባሏ በመጋቢት ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን ሳታርፍ ነሐሴ ገባ። አለቃዋ ሁለት ሳምንት ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንድትሄድ አዘዛትና ሆቴሉን ራሱ አስያዘላት። ሆቴሉ ግን ውሻ አያስገባም። ባሏ የተወላት ኦቶ የሚባል ያረጀ ውሻ ነበራት። የሚያድርበት ፍለጋ ሁለት የውሻ ማቆያ አይታ አልወደደችም፤ የአንዱ ሽታ፣ የሌላው ባለቤት ሳቅ አስጠላት። ሦስተኛው ከሀይደሆርስት መንደር ወጣ ብሎ ያለው የዴትሌፍ ቪበን ማቆያ ነበር። ቀጠሮዋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ስትደርስ ዴትሌፍ ቪበን በዘጠነኛው የሽቦ ክፍል ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል።

የመንደሩ ፖሊስ ሄኒንግ ሲያያት ግራ ተጋባ። «ኢንስፔክተር፣ ማን ነገረዎት? እኔ ገና ለጣቢያ አልደወልኩም።»

«ማንም። ውሻዬን የማስቀምጥበት ቦታ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ይሄን አይመርጡም» አለ ሄኒንግ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ቮታን የሚሉት የዚህ ክፍል ጥቁር ውሻ ዘሎ ጣለው፤ ጭንቅላቱ የበሩን ደፍ መታ። ባለፈው ሐሙስም እጁን ነክሶታል። የእንስሳት ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ መርፌ ይወጋዋል፤ ያበቃል።»

ቮታን ሌላ ክፍል ውስጥ ታስሮ ተኝቷል። ጉድሩን በሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ምንም አልተሰማትም። ከመጋቢት ወዲህ ሬሳ የምታየው የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነው። የሟቹ ቀኝ እጅ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፋሻው ቦታውን አልለቀቀም። ነጩ ሽርጥ አልተጨማደደም። ወለሉን ሁሉ የሞላው ጥቁር ፀጉር ሽርጡ ደረት ላይ አንድም የለም።

«ሬሳውን ማን አገኘው?»

«ሚስቱ፣ ወይዘሮ አልሙት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። በሩ ተቀርቅሮ ነበር፤ እሳቸው ናቸው የከፈቱት።»

«መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

ሄኒንግ በሩን አየ። ከዚያ በሩን እንደገና አየ። «በውጭ» አለ ቀስ ብሎ።

አልሙት ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ እየመዘነች በየሳህኑ ታከፋፍል ነበር። ቀና አላለችም።

«ሃያ ሁለት ውሻ ነው ያለው። እስካሁን አልበሉም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት ግድም ስልክ ላይ ነበርኩ። አንዷ ደንበኛ ግሪክ ሆና ስለ ውሻዋ ጆሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ።»

«ባልዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«ዴትሌፍን? ሰው ሁሉ ይወደዋል። አጣፍጦ ነው የሚያወራው።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። አንድ ቀን ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። የሰው ዕረፍት ስንጠብቅ ነው የኖርነው። አልቅሺ ይሉኛል፤ አልመጣልኝም።»

«አይቸኩሉ» አለቻት ጉድሩን።

ሠራተኛው ትያርክ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ስድስት ውሾች ይዞ ሜዳው ላይ ሲያንሸራሽር ነበር፤ ፖስታ የምታድለው ሴት አይታዋለች።

«ከአቶ ቪበን ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ከጓሮ ስላለው የቆርቆሮ ቤት ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ይሞቃል አልኩት። ውሻ አይገባበትም አልኩት።» ባልዲውን አነሳ። «ሌላ የማውቀው የለም።»

ጉድሩን ኦቶን ለማየት ወደ መኪናዋ ሄደች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጣለው ዝናብ አሸዋውን አርሶታል፤ ገና አልደረቀም። ውሃ ሰጠችውና ዙሪያውን አየች። ከአጥሩ ጥግ አንዲት ሰማያዊ መኪና ቆማለች። ጉድሩን ጎንበስ ብላ ሥሯን አየችና ተመለሰች።

የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ሮስቪታ ኤገርስ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፊታቸው በዕረፍቱ ፀሐይ ቀልቷል፤ እጃቸው ባዶ ነው።

«ውሻዎን ሊወስዱ ነው?»

«አዎ። ፍሎኬ ትባላለች። ሁለት ሰዓት ላይ ደርሼ ደወሉን ደወልኩ፤ ወይዘሮዋ ባሏን ፍለጋ ዞረች፤ ኋላ ስትጮህ ሰማሁ።»

«እኔም ማቆያ እየፈለግኩ ነው። ይሄን እንዴት መረጡት?»

«አራት ቦታ አየሁ። ይሄኛው በየማታው ፎቶ ይልካል። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያ ዕረፍቴ ነው፤ አልሄድም ስል ልጄ ‹እማዬ፣ በየቀኑ ታያታለሽ እኮ› አለችኝ።»

«ያሳዩኛል?»

ስልካቸውን ሰጧት። ሃያ አንድ ፎቶ ነው፤ ትንሽ ነጭ ውሻ፣ ሁሌም አንድ ሣር ላይ። የመጨረሻው ትናንት ማታ የተላከ ነው። ሰፊ የወንድ ቀኝ እጅ ጀርባዋን ይደባብሳል። ጉድሩን ፎቶውን አተኩራ አየችው። ሮስቪታ አላዩትም። ከኋላቸው ሃያ ሁለት ውሻ ሲጮህ አንዴም ዞር አላሉም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሄኒንግ በሩ ላይ ቆመ።

«ውሻው አልገደለውም» አለች ጉድሩን፤ ድምፏ ከፍም ዝቅም አላለም። «ደረቱ ላይ ዘሎ ቢሆን ነጩ ሽርጥ ጥቁር ፀጉር ይይዝ ነበር። አዲስ ንክሻም የለም። ደግሞ በሩ በውጭ ተቀርቅሯል፤ ሟች አይቀረቅረውም፣ ውሻም አይቀረቅረውም። ሲወድቅ አንድ ሰው አጠገቡ ነበር።»

«እኛን ነው የምትይው?» አለች አልሙት። ከድካሟ የተነሳ አንቺ ማለቷን እንኳ ልብ አላለችም።

«አይደለም። ከግሪክ የተደወለልዎትን ሄኒንግ ስልክዎ ላይ አይቶታል። ትያርክንም ፖስተኛዋ አይታዋለች።» የሮስቪታን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ፎቶ ትናንት ማታ ነው የተላከው። አቶ ቪበን ግን ከሐሙስ ጀምሮ ቀኝ እጁ በፋሻ ታስሯል። እዚህ ላይ ፋሻ የለም። ፎቶው የቆየ ነው። ትያርክ፣ ፍሎኬ የት ነች?»

ትያርክ መሬት መሬት አየ። «በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቦታ ሞላና ዴትሌፍ ቆርቆሮው ቤት አስገባት። ከሰዓት ስመለስ… አልቃለች። መጀመሪያ ቀን ብዙ ፎቶ አንስቷት ነበር፤ እሱን እየከፋፈለ ነው የላከው። ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

አልሙት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሮስቪታ አልተንቀሳቀሱም።

«ወይዘሮ ኤገርስ» አለች ጉድሩን፣ «እኔ ዛሬ ጠዋት ውሻዬን ለማየት አራት ጊዜ ወደ መኪናዬ ሄጃለሁ። እርስዎ ሦስት ሳምንት ከፍሎኬ ተለይተው መጥተው የት አለች ብለው ማንንም አልጠየቁም። የመኪናዎ ሥር ያለው አሸዋ ደግሞ ደረቅ ነው። ሳይዘንብ በፊት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሆን፣ እዚህ ነበሩ።»

ሄኒንግ ሰዓቱን አየና «ኢንስፔክተር፣ የእንስሳት ሐኪሙ እየመጣ ነው፤ ውሻውን…» አለ።

«የትኛውን ውሻ?» አሉ ሮስቪታ።

«ቮታንን። ሊገደል ነው።»

«እሱ እኮ ምንም አላደረገም» አሉ ሴትዮዋ። «ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ቶሎ ላያት ብዬ ማልጄ ተነሳሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ዴትሌፍ የዘጠነኛውን ክፍል በር ከፍቶ ቆሟል። ክፍሉ የተያዘው ለሷ ነበር፤ በሩ ላይ ስሟ መለጠፍ ነበረበት፤ የለም። የት አለች አልኩት። ‹ሙቀቱ ነው› አለኝ። ‹ዕረፍትዎን ላላበላሽ ብዬ ነው› አለኝ። አንድ ጊዜ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«በሩን ለምን ቀረቀሩት?»

«ውሻው ወደ መንገድ እንዳይወጣ።»

«ከዚያስ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዘነበ። ሲያባራ መጥቼ ደወሉን ደወልኩ።»

«ዝም ብለው መሄድ ይችሉ ነበር።»

«እሷን ሳልይዝ የት እሄዳለሁ?»

ሄኒንግ ለሐኪሙ ደውሎ አያስፈልግም አለው። አልሙት ተነሥታ ሳህኖቹን መሸከም ጀመረች፤ ውሾቹ አልበሉም። ጉድሩን ሮስቪታን ወደ ፖሊስ መኪናው ስትወስድ ሴትዮዋ ቆሙ።

«የተቀበረችበትን ቦታ አሳዩኝ።»

ትያርክ ጓሮ ወዳሉት ነጫጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች መራቸው። አፈሩ ገና አልጠበቀም። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጦባታል።

«ብርድ ልብሷንም አብሬ ነው የቀበርኩት» አለ።

«ጭንቅላቷ በየት በኩል ነው?»

ትያርክ በእጁ አመለከተ። «በዚህ፣ ወደ ዋናው በር። በሕይወት ሳለችም ወደዚያ እያየች ነበር የምትተኛው።»

ሮስቪታ በዚያ በኩል ዞረው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሄኒንግ መሄድ አለብን ሊል አፉን ሲከፍት ጉድሩን ክንዱን ያዝ አደረገችው። ከዚያ እሷም ሄዳ ከሴትዮዋ ጎን ተቀመጠች።