ለፎቶ የተገዛ ጋዋን

ኬሚስቱ ላቦራቶሪው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ነጭ ጋዋኑ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ወለሉ ውሃ ነው፤ አጠገቡ ብልቃጥ ተሰብሯል። ከበላዩ «ሳይንቲስት ሆይ፣ ዕውቀትህን ወደ ሀብት ለውጥ» የሚል ባነር ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ መፈክር የተሰቀለለት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሟቹ ቲማቲም አንድ ወር ሳይበላሽ የሚያቆይ ዱቄት ፈልስፏል ተብሎ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ሊጎበኙት ነበር። ጠዋቱን የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች አዳራሽ ታጉረው ስለ ሥራ ፈጣሪነት ሲሰለጥኑ አርፍደዋል። አሰልጣኙ የፈጠራ ማበረታቻ ማዕከሉ ዳይሬክተር ነው፤ በዕድሜው ምንም ፈጥሮ የማያውቅ፣ አንዲት ኪዮስክ እንኳ ከፍቶ የማያውቅ ሰው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

ዳይሬክተሩ ቀድሞ ፈርዷል። «ቴክኒሻኗ ወለሉን አጥባ ሳታደርቅ ሄደች፤ አንሸራተተው። መታሰር አለባት» አለ።

ሬሳውን ያገኘችው ቴክኒሻን ጥግ ላይ ቆማለች፤ አንድ ፖሊስ ይጠብቃታል።

«ወለሉን አጥበሻል?» አለች መርማሪዋ።

«አልነካሁትም፣ እትዬ። ታች መጋዘን ብልቃጥ ሳጥብ ነበር።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? ሁሉም አዳራሽ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እኔ ከታሰርኩ የሚያበላቸው የለም።»

«ሟቹን የሚጠላ ሰው ነበር?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዱቄቱ አይሠራም። ቲማቲሙ ላዩ ቀይ ሆኖ ይቆያል፣ ውስጡ ይበሰብሳል፤ የበላው ይታመማል። ጋሼ ዛሬ ለእንግዶቹ ሊናገሩ ነበር።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና የጋዋኑን ኮሌታ ገለጠች። የሸሚዙ ጀርባ ከማጅራቱ የወረደ ደም ጠጥቷል። የጋዋኑን ውጪ ግን ውሃ እንጂ ደም አልነካውም። ቀና ስትል በሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለ፣ የተጣጣፈ ግራጫ ሽርጥ አየች።

«ይህ የማን ነው?» አለችው ዳይሬክተሩን።

«የጽዳት ሠራተኛዋ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ዓይነት ቡትቶ ይነሳ ብዬ ነበር።»

«ሟቹን በደንብ ያውቁት ነበር?»

«እንዴታ። ቀን ከሌት እዚሁ ከጎኑ ሆኜ ነው ለዚህ ያበቃሁት» አለ አፉን ሞልቶ።

«ሥልጠናው ለሻይ ሲቋረጥ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ንግግሬን ሳዘጋጅ።» ቢሮው ከላቦራቶሪው በአንድ በር ብቻ ይለያል።

ቀጥሎ የሟቹን የሥራ ባልደረባ ጠራች። ምክትል ዳይሬክተርነት ተስፋ የተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ አንገቱን መነቅነቅ እንጂ መናገር የተወ ሰው ነው።

«ሽርጡ የማን ነው?»

«የእሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ለብሶ አላየሁም።»

«አያወልቀውም?»

«ዳይሬክተሩ ቢሮ ሲጠሩት ብቻ። ወንበራቸውን እንዳላቆሽሽ ይላል።»

«ጋዋኑስ?»

«ለፎቶ የተገዛ ነው። ዳይሬክተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። እንግዳ ሲመጣ ያድሉናል፣ ሲሄድ ይሰበስቡታል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ዳይሬክተሩ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው ሲደማ ጋዋን አልለበሰም» አለች። «ደሙ ሸሚዙ ላይ ነው፤ ጋዋኑ ከሞተ በኋላ የመጣ ነው። ሽርጡንም አልለበሰም፤ ስለዚህ ቢሮ ተጠርቶ ነበር። የገደለው ሰው ሬሳውን ወደ ላቦራቶሪ መለሰው፤ ውሃ ደፋ፣ ብልቃጥ ሰበረ፤ ከዚያ በሥራ ላይ የነበረ እንዲመስል ሊያለብሰው ፈለገ። ሽርጡ ዐይኑ ሥር ተሰቅሏል። ቴክኒሻኗ ብትሆን ሽርጡን ታለብሰው ነበር። ባልደረባውም እንዲሁ። ይህ ሰው ግን ሽርጡን ቡትቶ ነው ብሎ አልፎ፣ ከገዛ ቁም ሣጥኑ ጋዋን አወጣ፤ ሳይንቲስት በሥራ ላይ ምን እንደሚለብስ የሚያውቀው ከብሮሹር ነዋ። ቀን ከሌት ከጎኑ ነበርኩ ያለውም እሱ ነው።»

ፖሊሱ ያለ ቦታው ክፍሉ መሃል የቆመውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ገፋ አደረገው። ከሥሩ ምንጣፉ ርሷል፤ ታጥቦም ደሙ አልለቀቀም።

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ልገድለው አልነበረም። ገፋሁት፣ የጠረጴዛው ጠርዝ መታው። እንግዶች ፊት ሊያዋርደኝ ነው፤ የስድስት ዓመት ድካሜን…»

«የማንን ድካም?»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየና ዐይኑን በጨው አጥቦ «እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ንግግሬን ላድርግና ውሰዱኝ፣ አሥር ደቂቃ ናት» አለ።

መርማሪዋ ተጸየፈችው። «ውሰደው» አለች ፖሊሱን። ወደ ባልደረባው ዞረች። «እንግዶቹ እውነቱን ይወቁ። ይነግሯቸዋል?»

ባልደረባው አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ። «እኔ እንኳ… ጉዳዩ በኮሚቴ ቢታይ…»

ቴክኒሻኗ ትታው ወጣች። አዳራሹ ስትገባ ውሃ የምታድል መስሏቸው ብርጭቆ የዘረጉላት ነበሩ። መድረኩ ላይ ወጥታ ማይኩን ያዘች።

«የእኔ ስም ወረቀታችሁ ላይ የለም» አለች። «ዱቄቱን የሠሩት ሰው ዛሬ ተገደሉ። የተገደሉት ለእናንተ አንዲት ቃል ሊነግሯችሁ ስለነበረ ነው። አይሠራም። ማንም እንዳይበላው።»